ዶቃና ክር፤ የአንዲት ትንሽ ጌጥ ታሪክ

ታሪክ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ የሚሮጠው ወደ ነገሥታት ዘመን፣ ወደ ጦር ሜዳና ወደ ታላላቅ ሕንጻዎች ነው። ይህም አያስነቅፍም፤ ታላቅ ነገር አስቀድሞ ዐይንን ይስባልና። ነገር ግን የሰው ልጅ ኑሮ በታላላቁ ነገር ብቻ የተሠራ አይደለም። እናት በልጇ አንገት ላይ ያሠረችው ዶቃ፣ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ያጠለቀችው ማርዳ፣ መነኵሴ በጣቱ የሚያሳልፈው መቁጠሪያ፣ እነዚህም ጠያቂ ቢያገኙ የሚናገሩት ብዙ ነው። ትንሽ በመሆናቸው ብቻ ሳይጠየቁ ቀሩ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነገር የተገኘው ከገዛ ቤቴ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ታዝዛ መጣችና «አባዬ፣ ጨሌ ግዛልኝና የአንገት ጌጥ እንሥራ» አለችኝ። ወደ ገበያ ከመውጣቴ በፊት፣ ከአያቴ የቀረ ዶቃ በአንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ተቀምጦ እንደ ነበር ትዝ አለኝና አውጥቼ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረገፍሁት። ቀይ አለ፤ ነጭ አለ፤ ሰማያዊ አለ፤ በመካከሉም ከብር የተሠሩ ሦስት ድብልብል ዶቃዎች አሉ። ልጄም ጥቂት ስትመለከት ቆይታ «ይህ ከየት መጣ? ማን ሠራው? እንዴትስ ነበር የተደረደረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መጻሕፍትን መርምሮ መልስ ማግኘት ይቻላል። ሦስተኛውን ግን መመለስ አልቻልሁም። ያልቻልሁበትንም ምክንያት በጽሑፌ መጨረሻ ላይ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አንባቢ እንዳይቸገር አስቀድሜ ላስታውስ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የሀገራችን አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራ ጌጥ

በአማርኛችን ዶቃ የምንለው፣ ከማናቸውም ነገር ይሠራ፣ በክር የሚሰካበት ቀዳዳ ያለውን ትንሽ ጌጥ ነው። ከመስታወት የሚሠራውን ደቃቁን ጨሌ እንለዋለን፤ ከባሕር የሚገኘውን ነጩን ቅርፊት ደግሞ ዛጎል እንለዋለን። ስሙና ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ሁሉንም ዶቃ የሚያሰኘው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ቀዳዳው ነው። ቀዳዳ የሌለው ዶቃ ጠጠር ነው።

የሰው ልጅ ዶቃ መሥራት የጀመረው እህል ሳይዘራ፣ ብረት ሳያቀልጥ፣ ፊደልም ሳይቀርጽ ነው። በሞሮኮ ቢዝሙን በሚባል ዋሻ ውስጥ የተገኙት የተበሱ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ከ142,000 ዓመት የማያንስ ዕድሜ እንዳላቸው በ2021 ተገልጿል። በደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ ከሚባለው ዋሻ የወጡት ደግሞ 75,000 ዓመት ያህል ያስቈጠሩ ናቸው። በእነዚህ በብሎምቦስ ቅርፊቶች ላይ ክር ሲያሻሻቸው፣ እርስ በርሳቸውም ሲፋተጉ የቀረባቸው ምልክት ይታያል። እንግዲህ ተሠርተው የተጣሉ አይደሉም፤ በሰው ገላ ላይ ውለው ያደሩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አፍሪካውያን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት ዶቃ መሥራትን አወቁ። ሥራው እንዲህ ነው። ቅርፊቱ በትንንሹ ይሰባበራል፤ እያንዳንዱ ስባሪ በሹል ድንጋይ ይበሳል፤ ከዚያም ጠርዙ በሻካራ ድንጋይ ላይ እየተፈገፈገ ክብ ይሆናል። ከቅርፊቱ በፊት በተፈጥሮ ቅርጻቸው ብቻ ያገለግሉ የነበሩት ዛጎሎች ሰው መርጦ ያነሣቸው ናቸው፤ ይህኛው ግን ቅርጹን ጭምር ሰው ያወጣለት ነው። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከ31 ስፍራዎች የተሰበሰቡ ከ1,500 በላይ የሰጎን ቅርፊት ዶቃዎችን በመለካት፣ ከ50,000 ዓመት በፊት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ተመሳሳይ ዶቃ ይሠሩ እንደ ነበር አሳይቷል። መንገድ ሳይጠረግ፣ ፈረስ ሳይለጐም፣ የዶቃ አሠራር ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ይህን ያህል ርቀት ተጉዞ ነበር ማለት ነው።

ሀገራችንም በዚህ ጥንታዊ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በሚባለው ዋሻ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ ወደ ቅርፊቷ ስትገባ ደጇን የምትዘጋበት ክዳን፣ መካከሉ የተቀደደ፣ ከ400 በላይ ተገኝቷል። ዕድሜውም ከ30,000 ዓመት ይበልጣል። የመረመሩት ሊቃውንት እንደ ዶቃ ሳያገለግል አልቀረም ይላሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። ዶቃ አያጠግብም፤ ከብርድ አያድንም፤ አውሬም አያባርርም። ቢሆንም እነዚያ ምግባቸውን በየዕለቱ እያደኑና እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ጊዜያቸውንና የዐይናቸውን ብርሃን ሰጡት። ምክንያቱም ዶቃ የሚነገር ነገር ስላለው ነው። የለበሰው ሰው ለሚያየው ሰው «እኔ የእገሌ ወገን ነኝ፤ ይህን ያህል ማዕረግ ደርሻለሁ፤ የሚወደኝ ሰው ይህን ሠራልኝ» ይላል። ሰው በጽሕፈት ከመናገሩ በፊት በዶቃ ተናግሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ባሕር ተሻግሮ የመጣው ዶቃ

በአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለ ስፍራ የተገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀረጸው የተቀመጠች ሴት የድንጋይ ሐውልት፣ አንገቷ በወፍራም ድርብ ጌጥ የተከበበ ሆኖ ይታያል። ቀራጩ የሴቲቱን ክብር ለመግለጽ የአንገት ጌጧን መተው አልፈለገም። ስለዚህ ከአክሱም መንግሥት ገናናነት በፊትም የአንገት ጌጥ በሀገራችን የክብር ምልክት እንደ ነበር ይህ ድንጋይ ምስክር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ ስሙ ያልታወቀ የግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስታወት ዕቃ ይገኝበታል። ለጌጥ የሚሆንና እየተቈረጠም በገንዘብ ፋንታ የሚያገለግል ናስ፣ ለሴቶች አምባርና አልቦ የሚሆን መዳብም ይገባ እንደ ነበር ይናገራል። ከወደቡም የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ይወጣ ነበር። ንግዱ ያን ጊዜም ከሀገር የሚወጣው ከባድ፣ ወደ ሀገር የሚገባው ቀላል ነበረ ማለት ነው።

ይህ የጽሑፍ ምስክርነት በአፈርም ውስጥ ተረጋግጧል። በአክሱም በ1970ዎቹና በ1990ዎቹ በተደረጉት ቁፋሮዎች ከመቃብሮች ውስጥ የመስታወት ዶቃዎች ወጥተዋል። ዛሬ ሊቃውንት የአንዲትን ዶቃ መስታወት መርምረው የተሠራችበትን አገር ለመገመት ይችላሉ። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚሠራው የጥንት መስታወት ከግብፅ በረሃ በሚገኝ ናትሮን በተባለ ጨው የሚቀልጥ ሲሆን፣ ከሕንድ ወገን የሚመጣው አብዛኛው ደግሞ አሉሚና የተባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። እንግዲህ የጤፍ ፍሬ የምታህል ዶቃ የትውልድ ሀገሯን በሆዷ ይዛ ትዞራለች።

ከሕንድ የሚመጣው መስታወት ብቻ አልነበረም። ካምባይ በተባለችው የሕንድ ወደብ አካባቢ ቀዩ የከበረ ድንጋይ በእሳት እየተጋገረ ቀለሙ ይደምቅና፣ ጫፉ አልማዝ በሆነ መሰርሰሪያ ተበስቶ ወደ አረቢያና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይላክ ነበር። ዛጎልም እንደዚሁ ከማልዲቭ ደሴቶች ይመጣ ነበር። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1343 ወደነዚህ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ በዛጎል ሲገበያይ አግኝቶ ጽፏል። በአንድ አገር ገንዘብ የሆነው ዛጎል በሌላው አገር የሙዳይ ጌጥ፣ በሌላውም የሕፃን መጠበቂያ ሆነ።

የሙራኖ ምድጃና የቬኒስ ሴቶች

በኋለኛው ዘመን በዶቃ ሥራ ዓለምን የመራችው የቬኒስ ከተማ ናት። የቬኒስ መንግሥት በ1291 የመስታወት ምድጃዎች ከከተማው ወጥተው ሙራኖ ወደምትባለው ደሴት እንዲዛወሩ አዘዘ። ዋናው ምክንያት ምድጃው ከተማውን እንዳያቃጥል በመፍራት ነበር፤ ይሁን እንጂ የሥራውን ምስጢር ለመጠበቅም አመችቷል።

የደቃቁ ጨሌ አሠራር የሚያስደንቅ ነው። ሠራተኛው የቀለጠውን መስታወት በብረት ዘንግ ጫፍ ይዞ በመካከሉ የአየር ጉድጓድ ያበጅለታል። ሁለተኛው ሠራተኛ ሌላ ዘንግ በማዶው ጫፍ ያጣብቅና ሁለቱ እየሮጡ ይራራቃሉ። መስታወቱም ሳይበርድ እንደ ማር እየተሳበ ብዙ አሥር ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይሆናል፤ የመካከሉም ጉድጓድ አብሮ እየቀጠነ ይከተላል። የዶቃው ቀዳዳ ይህ ነው፤ ማንም ኋላ የበሳው አይደለም። ቱቦው ሲበርድ በደቃቁ ይቈራረጣል። ከዚያም ቀዳዳው እንዳይደፈን በኖራና በከሰል ድቃቂ ተሞልቶ በእሳት ላይ ሲሽከረከር ስለታም ጠርዙ ይለዝባል። ትልልቁና ባለ አበባው ዶቃ ግን በሌላ መንገድ፣ በነበልባል ላይ የቀለጠ መስታወት በብረት ሽቦ ዙሪያ እየተጠመጠመ አንድ በአንድ ይሠራል።

ምድጃው የወንዶች ስፍራ ሲሆን፣ መሰካቱ ግን የሴቶች ሥራ ነበር። ኢምፒራሬሴ የሚባሉት የቬኒስ ድሆች ሴቶች በየቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ዶቃ የሞላበት የእንጨት ገበታ በጭናቸው ላይ አድርገው፣ ብዙ ረዣዥም መርፌዎችን እንደ ማራገቢያ በእጃቸው ዘርግተው ገበታውን ይዝቁት ነበር። ዶቃውም በመርፌዎቹ ላይ ይሰካል፤ ከመርፌው ወደ ክር ይወርዳል፤ ክሩም በእስር በእስር ተጠቅልሎ ወደ ነጋዴ መጋዘን ይሄዳል። ክፍያቸው እጅግ አነስተኛ ስለ ነበረ በ1904 ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጣሊያንና የፈረንሳይን የመስታወት ዶቃ ጥበብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ጽፎታል። የእነዚያ ሴቶች ሥራ ክብር ያገኘው ሴቶቹ ካለፉ በኋላ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የቦሔሚያ ፋብሪካዎች፣ ይልቁንም በያብሎኔጽ ከተማ አካባቢ ያሉት፣ ከቬኒስ ጋር ይፎካከሩ ጀመር። ዶቃም በጆንያ ተሞልቶ ወደ አፍሪካ ጐረፈ። በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ ይባስ ብሎም በሰው ተለወጠ። ይህን የኋለኛውን ስናስብ የዶቃ ታሪክ በሙሉ የውበት ታሪክ ነው ለማለት አንደፍርም።

ይሁን እንጂ አፍሪካዊ የተሰጠውን ሁሉ እያየ የሚደነቅ የዋህ ነበር የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በ1871 ሊቪንግስቶንን ፍለጋ ከዛንዚባር የተነሣው ስታንሊ፣ የትኛውን ዶቃ ልያዝ በሚል አሳብ ብዙ እንደ ተቸገረ ራሱ ጽፏል። በአንዱ አገር ገንዘብ የሆነው ጥቁር ዶቃ በሌላው ዘንድ ከቶ ዋጋ አልነበረውምና፣ 11 ዓይነት ገዝቶ ለመሄድ ተገደደ። ቀለሙንና መጠኑን የሚወስነው የቬኒስ ባለ ምድጃ ሳይሆን፣ በአፍሪካ ገበያ የቆመችው ሴት ነበረች። «ይህን አልወድም» ባለች ጊዜ የሙራኖ እሳት ይለወጥ ነበር።

በሀገራችን የዶቃ ትርጕም

ወደ ሀገራችን የገባውም ዶቃ እንደ መጣ አልቀረም። ከባሕር ማዶ የመጣው መስታወቱ ብቻ ነው፤ ትርጕሙን የሰጠው የሰካው እጅ ነው። በቦረናና በሌላውም የኦሮሞ ሀገር ጨሌ ከጌጥነቱ በላይ በምርቃትና በሥርዓት ጊዜ ክብር አለው። በደቡብ ኦሞ የሐመርና የአርቦሬ ሴቶች ዶቃውንና ዛጎሉን ከቆዳ ጋር አስማምተው ሲለብሱት፣ ያላገባችው ካገባችው በጌጥዋ ትታወቃለች። በሐረርና በወሎ ትልልቁ ቢጫ ዕንብር ከብር ጋር ተሰክቶ በሠርግ ቀን ይጠለቃል፤ ከእናት ወደ ልጅም ይወረሳል።

ክርና ዶቃ በጸሎትም ውስጥ ስፍራ አላቸው። ክርስቲያኑ በጥምቀት ጊዜ የሚያሥረው ማተብ፣ ዶቃ እንኳ ባይኖርበት፣ ክር ብቻውን ቃል ኪዳን ለመሆን እንደሚችል ያስረዳል። በገዳም ያለው አባት በመቁጠሪያው 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል፤ ሙስሊሙም በ33 ወይም በ99 ፍሬ ሙስበሓው ፈጣሪውን ያመሰግናል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይጸልያሉ፤ የጣታቸውም አካሄድ አንድ ነው።

የአያቴ ሦስቱ የብር ዶቃዎች ደግሞ ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ በሀገራችን ለረጅም ጊዜ ገንዘብ ሆኖ ሲኖር፣ ጌጥ የፈለገ ሰው ብሩን ለአንጥረኛ ይሰጥ ነበር። አንጥረኛውም አቅልጦ መስቀል፣ አምባር፣ ድሪ ወይም ዶቃ ያደርገዋል። የቪየና ገንዘብ በኢትዮጵያ አንጥረኛ እጅ የኢትዮጵያ ጌጥ ሆነ።

ዳሩ ግን ጌጡን ወደን ሠሪውን የናቅን ሕዝብ መሆናችንን መካድ አይቻልም። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን እያዋረድን፣ የእጃቸውን ሥራ ግን ለበስን፤ በላንበት፤ አጌጥንበት። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ እንደ ሀገራችን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ አስታውቀዋል። አዋጅ አፍን ሊያዘጋ ይችላል፤ በልብ ውስጥ ያለው ንቀት ግን የሚወጣው ሰው ራሱ በእጁ ሠርቶ የሥራውን ክብደት ሲያውቀው ነው።

በቤት ለሚጀምር ሰው

እኔም ከልጄ ጋር ተቀምጬ በመሥራት ያየሁትን ለጀማሪ እንዲረዳ ባጭሩ አቀርባለሁ። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ዶቃ፣ ጠንካራ የናይሎን ወይም የጥጥ ክር፣ በዶቃው ቀዳዳ የሚያልፍ ቀጭን መርፌ፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ጠፍጣፋ ሳሕንና ጥቂት ሰም። በሳሕኑ ላይ ጨርቅ ቢነጠፍበት ዶቃው እየተንከባለለ አይጠፋም። የጥጥ ክር በሰም ቢታሽ አይላላም፤ አይፈታታምም።

አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። ለአዋቂ ሰው አንገት 45 ሳንቲ ሜትር፣ ለእጅ አንጓ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል በቂ ነው። ክሩ ሲቈረጥ ለቋጠሮ በሁለቱም ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል። የዶቃውም ቍጥር በሒሳብ ይገኛል፤ ዶቃው 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአንገቱ 112 ገደማ፣ ለእጁ 45 ያስፈልጋል። 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን እጥፍ ይሆናል። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማካፈልን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ተራውን መወሰን ነው። ጀማሪ ሦስት ነጭ፣ አንድ ቀይ፣ ሦስት ነጭ፣ አንድ ሰማያዊ በሚል ቀላል ተራ ቢጀምር ይሻላል። ተራውን በሳሕኑ ላይ ደርድሮ ካዩ በኋላ መሰካት ነው እንጂ እየሰኩ መወሰን ያሳስታል። በክሩ መጨረሻ አንድ ዶቃ ለጊዜው ይታሠራል፤ ይህ ሌሎቹ ፈሰው እንዳይወጡ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ በኋላ ይፈታል። መካከሉ ትልቅ ዶቃ ያለበት ጌጥ ከሆነ ግን ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል መሄድ ይሻላል።

ሲያልቅ ሁለቱ ጫፎች ይቋጠራሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የተቋጠረ የናይሎን ክር ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ክሩን ሁለት ጊዜ አሳልፎ፣ በላዩ ደግሞ መቋጠር ይገባል። የተረፈው ጫፍ ወዲያው አይቈረጥም፤ በመርፌ ተመልሶ በአምስት ወይም በስድስት ዶቃዎች ውስጥ ካለፈ በኋላ ይቈረጣል። ክሩን ከልክ በላይ ማጥበቅ ጌጡን እንደ ሽቦ ያገትረዋል፤ ማላላትም ክፍተት ያሳያል። ልኩን የሚያስተምረው እጅ ራሱ ነው።

ዶቃ መግዣ የሌለው ሰውም ከመሥራት አይከለከልም። ያለፈበትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወረቀት፣ ወርዱ በአንድ ወገን 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በሌላው ወገን እስኪሾል፣ 20 ሳንቲ ሜትር አርዝሞ ይቍረጥ፤ ከሰፊው ጫፍ ጀምሮ በቀጭን ስንደዶ ላይ ይጠቅልለው፤ ጫፉን በሙጫ ያጣብቀው። ስንደዶው ሲወጣ ሆዱ ወፈር ያለ መልካም ዶቃ ይቀራል። ከሸክላ ጭቃም ማድበልበልና በእሾኽ መብሳት ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። የጉሎ ፍሬ መልኩ ቢያምርም መርዝ ስለሆነ ለዶቃ አይሁን። ደቃቅ ዶቃም ሁሉን ወደ አፋቸው ከሚከቱ ሕፃናት ይራቅ፤ ሊያንቃቸው ይችላልና።

ሦስተኛው ጥያቄ

አሁን ወደ ልጄ ሦስተኛ ጥያቄ ልመለስ። አያቴ ያንን ማርዳ ስታጠልቅ አውቃለሁ። ሕፃን ሳለሁ ስቤ በጥሼው ዶቃው በቤቱ ሁሉ ተበተነ። አልመታችኝም፤ ከእኔ ጋር በጕልበቷ ተንበርክካ ለቀመችውና ያለ አንዳች ማመንታት እንደ ነበረ አድርጋ ሰካችው። እየሰካችም ይህ ከእናቴ ነው፤ ይህን ባለቤቴ ከገበያ ያመጣው ነው፤ ይህ አባትህ በተወለደ ጊዜ የተጨመረ ነው ትለኝ ነበር። ሰማሁ፤ ግን አላዳመጥሁም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለዕረፍት ወደ ቤት ብሄድ ክሩ አርጅቶ ተበጥሶ አገኘሁት። አያቴም «ልጄ፣ ዐይኔ ደክሞብኛል፤ አንተ ስካልኝ፤ ተራውን እኔ እነግርሃለሁ» አለችኝ። እኔም ፈተና እንዳለብኝ፣ ይህም የሴት ሥራ መሆኑን ነገርኋት። ደግማ አልጠየቀችኝም። ዶቃውን ሰብስባ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የመንግሥት ሥራ ያዝሁ፤ እርስዋ ዐረፈች። የዚያ ቀን ሥራ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ አልነበረም።

በ1922 የግብፁ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ሲከፈት፣ በውስጡ በዶቃ የተሠሩ ልብሶችና ጫማዎች ተገኙ። ክሩ ከ3,000 ዓመት በላይ ሆኖት በስብሶ ነበርና፣ ቢነኩት ዶቃው ሁሉ ይፈስ ነበር። ቆፋሪው ሃዋርድ ካርተር ግን ዶቃዎቹ እንደ ተደረደሩ እንዲቀሩ በቀለጠ ሰም እያያዘ አነሣቸው፤ ከዚያም በተራቸው በአዲስ ክር ለመሰካት ተቻለ። የባዕድ ሰው ለማያውቃት ሟች ቤተ ሰብ ያደረገውን፣ እኔ ለሕያዋ አያቴ አላደረግሁም።

ዶቃው ዛሬም በእጄ ነው፤ አንድም አልጠፋ ይሆናል። ታሪኩ ግን የነበረው በዶቃው ውስጥ ሳይሆን በተራው ውስጥ ነበር፤ ተራው ደግሞ በአያቴ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ እኔና ልጄ የራሳችንን ተራ አወጣን። ሦስቱን የብር ዶቃዎች በመካከል አድርገን፣ ቀዩንና ነጩን በግራና በቀኝ፣ ሰማያዊውን በጫፍ ሰካን። በደብተርም ላይ የትኛው ዶቃ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ሰካው፣ በየትኛው ቀን እንደ ተሰካ ጻፍን። የቀድሞው ተራ አለመሆኑንም ሳንሸሽግ ጻፍን።

አንባቢዬ በቤቱ እንዲህ ያለ አሮጌ ጌጥ ቢኖረው፣ ክሩን ከመቍረጡ በፊት ተራውን ይጻፍ ወይም ፎቶግራፍ ያንሣው። ክሩን ለመለወጥም አዲሱን ክር ከአሮጌው ጫፍ ጋር አያይዞ ዶቃውን አንድ በአንድ ያሻግረው፤ እንዲህ ሲደረግ ተራው አይፈርስም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ይላኩ። እኛም በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች፣ ለዓመት በዓል ወደየቤተ ሰቦቻችን በሄድን ጊዜ፣ «እስኪ ስካልኝ» የሚል ድምፅ ብንሰማ፣ ሥራ አለብኝ ሳንል መርፌውን እንቀበል።